ዘይት የሚበላ ሞተር

መኪና ያለው ሰው ስለ ነዳጅ ሲያማርር መስማት በከተማችን የተለመደ ነገር ነው። ስለ ጎማም ያወራል፤ ስለ ትራፊክ ፖሊስም ያወራል። ስለ ሞተር ዘይት ግን የሚያወራው ዘይቱ አልቆ ሞተሩ ከነከሰ በኋላ ነው። ሞተር ነከሰ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ልግለጽ፤ ይኸውም ብረት ከብረት ጋር ያለ ዘይት ሲፋተግ ግሎና ተጣብቆ ከዚያ ወዲያ አልዞርም ሲል ነው። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት በቤታችን የደረሰ ስለሆነና፣ ከዚያም ወዲህ የደብረ ብርሃንን ባለ መኪናዎች ሳነጋግር ብዙዎቹ በዚያው መንገድ ላይ መሆናቸውን ስላየሁ ነው።

በመጀመሪያ ዘይት በሞተር ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው እንደ ዕውቀቴ መጠን ላስረዳ። ቤንዚን የሚቃጠለው በሲሊንደር ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል። በፒስተኑ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተጠመጠሙ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ ይሏቸዋል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ሁለቱ የላይኞቹ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይከለክላሉ፤ ሦስተኛው በግድግዳው ላይ የተረጨውን ዘይት እየጠረገ ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ወደ ኮፓ ይመልሰዋል። ዘይቱ ብረትን ከብረት ይለያል፣ ሙቀት ይሸከማል፣ እድፍ ያጥባል። ከዚህ ጉዞው ሳይመለስ የቀረው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠልና በማርሚታው በኩል ሰማያዊ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ጢስ የነዳጅ መብዛት ምልክት ነው፤ ነጭ ደግሞ ውሃ ነው። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት በደብረ ብርሃን ነጭ እንፋሎት የማያወጣ መኪና የለም፤ ሰዉም በቅሎውም በአፉ ያወጣልና በዚህ መደንገጥ አይገባም።

(ፋሻ፣ ኮፓ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ሁሉ የጣልያንኛ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቶ ሲወጣ የጣርማ በርን ዋሻ ለመንገደኛ፣ እነዚህን ቃላት ደግሞ ለመካኒክ ትቶ ሄደ። ቴስታታ የሞተር ራስ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር አንድ ጊዜ በቴስታ የተመታ ሰው ይጠይቅ።)

አሁን ወደ አገራችን ጠባይ ልምጣ፤ የሞተር ነገር እንደ ሀገሩ ይለያያልና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2840 ሜትር ግድም ትገኛለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 71 እጅ ያኽል ብቻ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነውና፣ ተርቦ የሌለው መኪና እዚህ ከኃይሉ ከሩብ የበለጠውን አጥቶ ይሠራል። ስለዚህ ሹፌሩ ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ውሃም በእኛ ከተማ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተሩ ገና መሞቅ በሚገባው ልክ ሲሞቅ ውሃው ይንተከተካል። ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። በጧት የቀዘቀዘ ዘይት እንደ ማር ወፍሮ ወደ ላይ ለመድረስ ሲዘገይ፣ ብዙ ሹፌር «ይሙቅ» ብሎ ሞተሩን ያስጓራዋል። ሞተር ከሚያረጅበት ሰዓት ሁሉ ዋናው ይኸ ነው ብለው የፊዚክስ መምህራችን ነግረውናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጣርማ በር፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ እስከ 1300 ሜትር ግድም ይደረሳል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውም መንገድ እንዲሁ አንገት የሚያስደፋ ነው። ብልህ ሹፌር ፍሬኑ እንዳይግል በማርሽ ይወርዳል፤ ይኸም ትክክል ነው። ሆኖም በቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ሞተሩ በጎማው ኃይል ሲዞር፣ የአየር መግቢያው ስለተዘጋ በውስጡ ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። በቫልቮቹ አንገት ላይ ጎሚኒ የሚሏቸው ትንንሽ የጎማ ቆቦች አሉ፤ ሥራቸው ከላይ ያለው ዘይት በቫልቩ ዘንግ ተከትሎ እንዳይወርድ መከልከል ነው። እነዚህ በእርጅናና በሙቀት ደርቀው ከሆነ፣ ያ መሳብ ዘይቱን እንደ ሕፃን ጡት ይጠባዋል። ቁልቁለቱ አልቆ ሹፌሩ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ ከኋላ ሰማያዊ ደመና ይነሣል። በዚያ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይኸን ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ምን መሆኑን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አልዩ አምባን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በዚያ ገበያ ከቆላ የመጣ ግመልና ከደጋ የወረደ በቅሎ ይገናኙ ነበር። አያቴ ሲነግረኝ ነጋዴ የሆነ ሰው በየማታው ጭነቱን አውርዶ፣ ኮርቻውን አንሥቶ የበቅሎዋን ጀርባ በእጁ ሳይዳስስ እህል አይቀምስም ነበር ይላል፤ ገጣባ ጀምሮ እንደ ሆነ በዚያው ማታ ያውቀዋል። በአንጎለላ የተወለዱትና በአንኮበር የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣላቸውን መኪና ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። መኪናውን ተቀበልን፤ ማታ ማታ የመዳሰሱን ልማድ ግን ለበቅሎ ብቻ የተወነው ይመስለኛል።

አባቴ በ2012 ዓ.ም. አንድ ያገለገለ የቤንዚን ሚኒባስ ገዛ። ከዚያ በፊት 16 ዓመት የሰው መኪና በደመወዝ ሲነዳ የኖረ ነው። ገንዘቡ የተገኘው ከራሱ ቁጠባ፣ እናቴ ካረባቻቸው በጎች ሽያጭና ከዘመድ ብድር ነው። ብድሩ ተከፍሎ ያለቀው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሞተሩ ዘይት መብላት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። አባቴ ከወንበሩ ሥር አንድ ጀሪካን ዘይት ያኖራል። «መኪናው ይበላል፣ እኔ አጎርሰዋለሁ» እያለ ይቀልድ ነበር። ዘይት መቀየርንም ተወ፤ «በየቀኑ አዲስ እየጨመርሁ ምን እቀይራለሁ?» ይላል። ይኸ አነጋገር በብዙ ሹፌር አፍ ያለ ነው። ነገር ግን የሚጎድለው ዘይቱ ነው እንጂ እድፉ አይደለም፤ እድፉ በኮፓው ውስጥ እየወፈረ ይኖራል።

ለሦስት መካኒኮች አሳየ። የመጀመሪያው ወፍራም ዘይት አድርግበት አለው። ወፍራም ዘይት ለጥቂት ጊዜ ጢሱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በእኛ ከተማ ጧት እርሱ ወደ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ በደረቁ ይሠራል። ሁለተኛው ከጠርሙስ የሚጨመር መድኃኒት ሸጠለት፤ ስለ እርሱ የምለው የለኝም፤ አባቴም የሚለው የለውም። ሦስተኛው መሣሪያ የያዘ ነበር። ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየሲሊንደሩ የመጭመቂያውን ኃይል ለካ፤ አራቱም 8 ተኩል ግድም ሆኑ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ፣ «ጋሼ፣ 12 መሆን ነበረበት፤ አራቱም ሞተዋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለው። ሞተር ይውረድ ማለት ለእኛ ቤት በጎቹ ይሸጡ ማለት ነበር።

አባቴ በዚያ ማታ እራት አልበላም። እኔ ቁጥሮቹን በደብተሬ ጽፌ ስለ ነበር በማግስቱ ለፊዚክስ መምህራችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉልኝ፤ «መጽሐፉ የተጻፈው የት ሆኖ ነው?» የሚል። 12 በ0.71 ሲባዛ 8.5 ይሆናል! መጽሐፉ የተናገረው በባሕር ወለል ላይ ላለ ሞተር ነበር። በደብረ ብርሃን 8 ተኩል የሚያሳይና አራቱም እኩል የሆኑ ሲሊንደሮች ሕሙማን አይደሉም፤ ቀጭን አየር የሚተነፍሱ ጤነኞች ናቸው። እርግጥ ይኸ ልኬት የሚናገረው ስለ ሁለቱ የላይኛ ፋሻዎች ነው እንጂ ስለ ዘይት ጠራጊው አይደለም። ቢሆንም ሞተሩን ከማውረድ በፊት ሌላ መፈለግ እንደሚገባ አወቅን።

ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የተጨመረውን ዘይት በደብተር መጻፍ ያዝሁ። ማታ ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን እናነጥፍ ነበር፤ ጧት ካርቶኑ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ መፍሰስ አይደለም። አባቴ ወደ አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር በሚሆነውና ብዙ ቁልቁለት በሌለበት መንገድ በሠራባቸው ሳምንታት በ1000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር በታች ጨመረ። ወደ ሸዋ ሮቢት በሠራባቸው ሳምንታት ግን ለዚያው ርቀት ከአንድ ሊትር በላይ ሆነ። መኪናው አንድ ነው፤ ዘይቱ አንድ ነው፤ የተለየው ቁልቁለቱ ነው። ደብተሩን ይዘን ወደ አራተኛ መካኒክ፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ሄድን። ሽማግሌው ቁጥሩን አላነበቡም፤ «ሲወርድ ዝም ይልና ሲሰጡት ነው የሚያጨሰው?» ብለው ጠየቁ። አዎን ሲባሉ «ጎሚኒው ነው» አሉ። እኔ በስምንት ሳምንት ያገኘሁትን እርሳቸው በአንድ ጥያቄ አገኙት፤ ይኸንም ስጽፍ ትንሽ እንደ ቆጨኝ አልደብቅም። የጎሚኒው ዋጋ ሞተር ከማውረድ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ነገር ግን መኪናው ሦስት ቀን መቆም አለበት። ጊዜው ወደ ገናና ወደ ጥምቀት የተጠጋ፣ ተሳፋሪ የሚበዛበት ነውና አባቴ «ጥምቀት ይለፍ» አለ።

ጥር 8 ቀን ማታ ከሸዋ ሮቢት ሰው ጭኖ ሲመለስ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ሲወጣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ይኸ መብራት ዘይት ትንሽ ጎደለ ብሎ የሚበራ አይደለም፤ የዘይቱ ግፊት ወድቋል ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በዳገት ላይ ደግሞ በኮፓው ውስጥ የቀረው ጥቂት ዘይት ወደ ኋላ ይሸሽና ፖምፓው በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። መብራቱ መጀመሪያ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ በቀጣዩ ጥምዝ እንደገና በራ፤ ከዚያም አልጠፋም።

ብዙ ሰው «ለምን ወዲያው አላጠፋም?» ይላል። እኔም ጠይቄዋለሁ። አባቴ የመለሰልኝ እንዲህ ነው፤ «አንተ ልጅ፣ በመኪናው ውስጥ ሁለት አራስ ነበሩ። ከኋላዬ የጫነ ከባድ መኪና አለ። ጉም ወርዷል። በዚያ ጥምዝ ላይ የት አቁሜ ሰው አወርዳለሁ? ሜዳ እስካገኝ ብዬ ነው።» ሜዳውን ሊያገኝ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ ኳ ኳ ኳ ብሎ ጮኸና ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ለአራሶቹ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከወንበር ላይ አንሥቶ ሰጣቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሌላ መኪና ሲገኝ የሁሉንም ሒሳብ መለሰ፤ ለአንዲት አሮጊት ደግሞ ከኪሱ ጨመረ። ይኸንን የሰማሁት ከእርሱ አይደለም፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ አጎት ስለ ነበሩ ነው።

ሞተሩ ሲከፈት እኔም ቆሜ ነበር። ከሦስተኛው ቢዬላ ሥር የሚቀመጠው ስስ የብሮንዝ ብረት ከቦታው ዞሮ፣ ዋናውን ዘንግ እንደ ሞረድ በልቶታል። ፋሻዎቹ ግን ደኅና ነበሩ። ሽማግሌው መካኒክ ከቫልቮቹ አንገት አንዱን ጎሚኒ አንሥተው በጣታቸው ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቆሎ ተሰበረ። ለእኔ ሰጡኝ፤ እስካሁን በእርሳስ መያዣዬ ውስጥ አለ። አባቴ አየው፤ ምንም አልተናገረም።

ዘንጉ ሊጠገን ስለማይችል ያገለገለ ሞተር ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወረድን። መለዋወጫ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ለእንደ እኛ ያለ ሰው የማይቀመስ ሆኗል። በዚያው 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አንባቢ ያስታውሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት የሚቃጠልበት ሞተር ስለሌለው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ ይኸን አልክድም። ነገር ግን በአገራችን መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ እንዲያውም ባለቤቶቻቸው ረዘም ላለ ጊዜ ሊይዟቸው ነው። የእናቴ በጎች ተሸጡ፤ አራት ብቻ ቀሩ። አባቴ አምስት ወር ተመልሶ የሰው ጭነት መኪና ነዳ። እቤት በነበረባቸው ቀናት ሁሉ ጧት ከእንቅልፉ ይነሣና፣ የሚያስነሣው መኪና እንደሌለ ሲያስታውስ ተመልሶ ይቀመጥ ነበር።

ይኸ ችግር የድሀ አገርና የአሮጌ መኪና ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። በአሜሪካን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩ አንዳንድ የቶዮታ መኪናዎች፣ 2ኤዜድ-ኤፍኢ የተባለውን ባለ 2.4 ሊትር ሞተር የያዙት፣ ገና ሳያረጁ ዘይት ይበሉ ነበር፤ ነገሩ ከፒስተኑና ከፋሻው የመጣ ነው። በ2015 ኩባንያው ለእነዚህ መኪናዎች የዋስትናውን ጊዜ አራዘመ፤ ነገር ግን ባለቤቱ መኪናው በ1200 ማይል፣ ማለትም በ1900 ኪሎ ሜትር ግድም፣ አንድ ኳርት ወይም ከዚያ በላይ መብላቱ በልኬት መረጋገጥ ነበረበት። አንድ ኳርት አንድ ሊትር ለመሆን ጥቂት የሚጎድለው ነው። በ2020 ደግሞ ሀዩንዳይና ኪያ ቴታ 2 የተባለው ሞተራቸው የሚነክስባቸውን መኪናዎች በጊዜው ባለመጥራታቸው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በድምሩ የ210 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ስምምነት አደረጉ።

እኔን የገረመኝ ቅጣቱ አይደለም፤ መለካቱ ነው። እዚያ ያለው ባለ መኪና ተከራክሮ የሚያሸንፈው በቁጥር ነው። የአባቴ መኪና ደግሞ ሁለት አገር ዞሮ፣ በሦስት ሰው እጅ አልፎ የመጣ ነው፤ ዋስትና የሚሰጠው ኩባንያ የለውም። በዚያ መመዘኛ ቢለካ ኖሮ ወደ ሸዋ ሮቢት በሠራባቸው ሳምንታት እጥፍ አድርጎ ያልፍ እንደ ነበር ግን በደብተሬ አስልቼዋለሁ። ለማን እንደማሳየው አላውቅም እንጂ።

ያገለገለው ሞተር በሰኔ ተገጠመ። ከዚያ በፊት ሽማግሌው መካኒክ ቴስታታውን ከፍተው ጎሚኒዎቹን ሁሉ ለወጡ፤ አባቴ ዋጋውን ሳይከራከር ከፈለ፤ ይኸ በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ዘይቱም አሁን ለብርድ የሚሆነው፣ በጧት ቶሎ የሚፈሰው ሆኗል። ጧት መኪናውን አስነሥቶ አያስጓራውም፤ ሰው እስኪሞላ በቀስታ ይተወዋል። ረዳቱ ግን «ቤንዚን ማባከን ነው» እያለ ያጉረመርማል።

ደብተሩ ከእኔ እጅ ወጥቶ በመኪናው ውስጥ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ተሰክቷል። አባቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረ ነውና ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፤ በአንድ ገጽ አራት መስመር ብቻ ይጽፋል። ከመናኸሪያው ሁለት ሹፌሮች ደግሞ እንደዚያ ያለ ደብተር ይዘዋል፤ አንደኛው የሚጽፈው ግን መኪናው ሲያጨስ ብቻ ስለሆነ ከቁጥሩ ምንም ማወቅ አልተቻለም። እስካለፈው ወር ድረስ የእኛ ሞተር በ1000 ኪሎ ሜትር የሚወስደው 2 ዲሲ ሊትር ነበር። ባለፈው ሳምንት ወደ አንኮበር ብዙ ከተመላለሰ በኋላ 3 ሆኗል። አባቴ ለቅዳሜ ከሽማግሌው ጋር ቀጠሮ ይዟል፤ በዚያ ቀን ሥራ የለም ብሎ ለተሳፋሪዎቹ ከአሁኑ ነግሯቸዋል።